ደም የሚቆምበት ስፍራ

በክረምት በስሜን ተራሮች ላይ የወረደው ዝናብ ተከዜን ሞልቶ፣ በአትባራ አድርጎ፣ አባይ ገብቶ ግብፅ ይደርሳል። በ1976 ሪቻርድ ዋምፕለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በዚሁ ወንዝ ዳር፣ በአንዲት የግብፅ መንደር፣ ሰዎች ለመስኖ ውኃ ሲያወጡ ቆሞ ተመለከተ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መሣሪያቸው ጥንታዊው የአርኪሜዲስ ብሎን ነበር፤ በቱቦ ውስጥ የገባ ጠመዝማዛ፣ በእጅ ሲያዞሩት ውኃውን ከወንዙ ወደ ማሳው ሽቅብ የሚገፋ። ዋምፕለር ውኃውን እያየ የሚያስበው ስለ ደም ነበር። የደከመ ልብ አጠገብ እንዲህ ያለ ትንሽ ብሎን ቢገባ ደሙን አይገፋለትም ወይ?

ሐሳቡን የሰሙት ባለሙያዎች አብዛኞቹ አላመኑበትም። ቀይ የደም ሕዋስ ስስ ነው፤ በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር ብረት መካከል ሲያልፍ ይቦጫጨቃል አሉ። እስከዚያ ዘመን የነበሩት የልብ አጋዥ ማሽኖች እንደ ልብ የሚሞሉና የሚጨመቁ ከረጢቶች ነበሩ፤ ትልልቅ፣ ጩኸታም፣ ቶሎ የሚያረጁ። ዋምፕለር ገፋበት። በ1988 ሄሞፓምፕ የተባለው መሣሪያው ሂዩስተን በሚገኘው የቴክሳስ የልብ ኢንስቲትዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ዋለ። መዘውሩ እርሳስ ጫፍ ላይ ካለች ላጲስ አይበልጥም፤ በደቂቃ ግን 25,000 ጊዜ ይዞራል። ደሙ የተፈራውን ያህል አልተጎዳም። በመዘውሩ በኩል የሚያልፈው በጣም ባጠረ ቅጽበት ስለሆነ አብዛኛው ሕዋስ ሳይሰበር ይሻገራል።

አንዱ ፍርሃት እንዲህ ቀለለ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የሌላኛው ነው። ደም ሲፈጥን ከተጎዳ፣ ሲዘገይ ደግሞ ይረጋል። ፓምፕ ሠሪው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ተይዞ ነው የሚሠራው፤ ችግሩ ደግሞ የትኛው ጥግ ላይ ደሙ እንደሚፈጥን፣ የትኛው ላይ እንደሚዘገይ ማየት አለመቻሉ ነው። ፓምፑ የተዘጋ ብረት ነው፤ ደሙም ብርሃን አያሳልፍም።

እዚህ ላይ የጠፈር መሐንዲሶች ይገባሉ። በ1984 ዴቪድ ሶሲየር የተባለ የናሳ መሐንዲስ ልቡ ደክሞ፣ ሂዩስተን ውስጥ በታዋቂው ቀዶ ሐኪም በማይክል ደቤኪ ቡድን የሌላ ሰው ልብ ተተከለለት። ድኖ ሥራው ላይ ሲመለስ ከሐኪሞቹ ጋር ተማክሮ አነስተኛ ፓምፕ ለመሥራት ተነሣ። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ሁለቱንም ጥፋት አንድ ላይ ይሠሩ ነበር፦ ሕዋስ ይሰብራሉ፣ ደምም ያረጋሉ። መሐንዲሶቹ ቅርጹን እየሞረዱ እየለዋወጡ ቢሞክሩም መልሱ በቀላሉ የሚገኝ አልሆነም።

ካሊፎርኒያ በሚገኘው የናሳ ኤምስ ማዕከል ቼቲን ኪሪስ እና ዶቻን ክዋክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነበሩ። ሥራቸው የጠፈር መንኮራኩሩ ሞተር ውስጥ ነዳጅ የሚገፋውን ፓምፕ በኮምፒውተር ማስላት ነበር። የነዳጁን ስሌት ወስደው ደም አስገቡበት። ስሌቱ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ የፓምፑ ውስጥ በጣም ጥቃቅን በሆኑ ክፍልፋዮች ይከፋፈላል፤ ብዛታቸው ዛሬ ሚሊዮኖች ይደርሳል። በእያንዳንዷ ክፍልፋይ ውስጥ ፈሳሹ ወዴት፣ በምን ፍጥነት፣ በምን ግፊት እንደሚሄድ ናቪየር-ስቶክስ በሚባሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀመሮች ይሰላል። አንዷ ክፍልፋይ የጎረቤቷን ታያለች፣ ጎረቤቷም የእሷን፤ ኮምፒውተሩ ሁሉም እስኪስማሙ ድረስ ደጋግሞ ያሰላል። በመጨረሻ ብረቱን ሳይከፍቱ ውስጡን በቀለም የሚያሳይ ሥዕል ይገኛል።

ሥዕሉ በመዘውሩ መግቢያና በኩሽኔታው ዙሪያ ደሙ ወደ ኋላ የሚዞርባቸውንና የሚያንቀላፋባቸውን ጥጎች አሳያቸው። ከዋናው መዘውር ፊት ደሙን ቀድሞ የሚያስተካክል ሌላ ጠመዝማዛ ጨመሩ፤ ይህም ከሮኬት ፓምፕ የተወሰደ ዘዴ ነው። የኩሽኔታውን አካባቢ ቅርጽም ለወጡ። የሕዋስ መሰበሩ መለኪያ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። በሐኪሙ ስም የተጠራው የደቤኪ ፓምፕ በኅዳር 1998 በርሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ተተከለ።

ደም ጥግ ላይ ሲቆም ለምን እንደሚረጋ ለመረዳት የአንገረብን ግድብ ያየ ጎንደሬ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ጎርፉ ከዳገቱ ሲወርድ አፈሩን ይዞት ይሮጣል፤ ግድቡ ጋ ደርሶ ውኃው ሲረጋ ደለሉ ይተኛል። ግማሽ መንገድ ያልኩት ደለል ሬሳ ስለሆነ ነው። በደም ውስጥ ያለው ነገር ሕያው ነው። ፕሌትሌት የሚባሉት፣ ወርዳቸው 0.003 ሚሊሜትር ያህል ብቻ የሆነ ቁርጥራጮች፣ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 400,000 ይገኛሉ። ሥራቸው ቁስል መድፈን ነው። ትልልቆቹ ቀይ ሕዋሶች የቧንቧውን መሀል ይይዙና ፕሌትሌቶቹን ወደ ግድግዳው ይገፏቸዋል። ጤነኛ ሰው ሲቆስል ይህ መልካም ነው፤ ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ይገኛል። ግድግዳው ቲታኒየም ሲሆን ግን ፕሌትሌቱ ቁስል ያገኘ ይመስለዋል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በፍጥነት የተፈተገ ፕሌትሌት መንቃቱ ነው። በጠባብ ክፍተት ውስጥ ተጨምቆ ሲያልፍ ይቆጣል፤ ተቆጥቶ ወጥቶ ቀጥሎ ያለው ጸጥተኛ ጥግ ላይ ሲደርስ ይጣበቃል። ስለዚህ የረጋ ደም የሚገኝበት ቦታና ጥፋቱ የተጀመረበት ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን በዓይን ብቻ ተመልክቶ የሚያገኝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ታሪኩ ከባድ ክፍል እንግባ። ኸርትሜት 2 የሚባለው ፓምፕ በ2008 በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን በዘመኑ ከሁሉ በላይ የተተከለ ሆነ። መዘውሩ የሚሽከረከረው ከሩቢ በተሠራ ኩሽኔታ ላይ ነው፤ ኩሽኔታውን የሚያለሰልሰው ዘይት ሳይሆን ራሱ የሕመምተኛው ደም ነው። ደሙ ሳያቋርጥ ስለሚፈስ ከተተከለላቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚዳሰስ የደም ሥር ምት የላቸውም። ነርስ አንጓቸውን ይዛ ብትፈልግ አታገኝም፤ ሰውየው ግን ቁጭ ብሎ ያወራታል።

ፓምፑ የታመነ ነበር። ታዲያ ከመጋቢት 2011 ጀምሮ አንድ ነገር ተለወጠ። በአንዱ ሆስፒታል አንድ ሰው ፓምፑ ውስጥ ደም ይረጋበታል፤ በሌላው ሌላ። ለብቻው ሲታይ እያንዳንዱ አጋጣሚ ነው የሚያስብል። የክሊቭላንድ ክሊኒክ፣ በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የዱክ ሐኪሞች የ837 ሕሙማንን መዝገብ አንድ ላይ ሲያደርጉት ግን አጋጣሚ አለመሆኑ ታየ። በተተከለ በ3 ወር ውስጥ ደም የረጋባቸው ፓምፖች 2.2 በመቶ የነበሩት በጥር 2013 ወደ 8.4 በመቶ አሻቅበዋል። ደም እስኪረጋ የሚወስደው መካከለኛ ጊዜም ከ18.6 ወር ወደ 2.7 ወር ወርዷል። ደም ረግቶባቸው ፓምፑ ካልተቀየረላቸውና ልብም ካልተተከለላቸው ሕሙማን መካከል በ6 ወር ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። ጽሑፉ በ2014 ሲታተም የሙያው ዓለም ደነገጠ።

መዝገቡ ሌላም ነገር ደብቆ ነበር። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኤልዲኤች የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሕዋሱ ሲሰበር ወደ ደሙ ይፈሳል። የእነዚያ ሕሙማን የኤልዲኤች መጠን ሐኪም «ደም ረግቷል» ከማለቱ ሳምንታት አስቀድሞ ከ540 ግድም ወደ 1,490 ወጥቶ ነበር። የረጋው ደም መንገዱን ሲያጠብ፣ ቀሪው ደም በጠባቡ ሲፈተግ፣ ሕዋሱ እየተሰበረ ሽንት እየጠቆረ፤ ሰውየው ገና ደህና ነኝ እያለ ፓምፑ እየተናገረ ነበር።

ምን ነበር ምክንያቱ? አንድ ጥፋተኛ አልተገኘም። እየወጡ የተከፈቱት ፓምፖች ብዙ ጊዜ በመግቢያው ኩሽኔታ ዙሪያ ቀለበት የሠራ፣ ንብርብር የሆነ የረጋ ደም ያሳዩ ነበር። ኩሽኔታ ሲፈተግ ይሞቃል፤ የሞቀ ፕሮቲን ይጣበቃል የሚል ግምት ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ሐኪሞች የአንጀት መድማትን ፈርተው የደም ማቅጠኛውንም የመዘውሩንም ፍጥነት ቀነስ ማድረግ ጀምረው ነበር። ከዚያ በኋላ በተደረገ ጥናት ፍጥነቱ በደቂቃ ከ9,000 ዙር እንዳይወርድ፣ የደም ማቅጠኛውም በሥርዓት እንዲሰጥ ሲደረግ የ3 ወሩ ቁጥር ወደ 2.9 በመቶ ተመለሰ። ለእኔ ይህ ከታሪኩ ሁሉ የሚያስገርመው ነው። ለደህንነት ብለው ያዘገዩት መዘውር ጥጎቹን ማጠብ ያቆመ ይመስላል።

ኮምፒውተር ቀድሞ ሊያስጠነቅቅ ይችል ነበር? የፈሳሹን ፍሰት ማስላት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይቻላል። የደሙን መርጋት ማስላት ግን ሌላ ሥራ ነው። በፒትስበርግ ጄምስ አንታኪ እና ባልደረቦቹ በ1999 ፕሌትሌት እንዴት እንደሚነቃና እንደሚጣበቅ በቀመር ያስቀመጡበትን ሥራ አሳተሙ። ያ ጅማሬ አድጎ በ2017 ዌይታኦ ዉ ከአንታኪ ጋር ባወጣው ጥናት ደሙ አንድ ወጥ ፈሳሽ መሆኑ ቀረ። 10 ኬሚካላዊና ሕይወታዊ ንጥረ ነገሮች፣ ያልነቃ ፕሌትሌትና የነቃ ፕሌትሌት ሳይቀሩ፣ እያንዳንዳቸው የሚፈሱበት፣ የሚሰራጩበትና እርስ በርስ የሚቀያየሩበት ቀመር አገኙ። መርጋቱም ሲጀምር፣ ሲያድግና ሲጠነክር ደረጃ በደረጃ ይሰላል።

ቀመር ብቻውን ግን ማንንም አያሳምንም። ስለዚህ ሁለት ነገር አስሉ፤ የተጎዳ የደም ሥር፣ ከዚያም በቤተ ሙከራ የተሠራ ጥቃቅን ቦይ። ቦዩ ጥልቀቱ 0.1 ሚሊሜትር ሲሆን ግድግዳው ላይ ወርዷ 0.125 ሚሊሜትር የሆነች ስንጥቅ አለች። በፓምፕ ውስጥ ሁለት ብረቶች የሚጋጠሙበት ስፍራ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ይተዋል፤ ባለሙያው በጣቱ ዳስሶ ለስላሳ ነው የሚለው፣ ፕሌትሌት ግን ዋሻ ሆኖ የሚያገኘው። ኮምፒውተሩ ደሙ የት እንደሚረጋና በምን ያህል ጊዜ እንደሚያድግ ተነበየ፤ ከሙከራው ጋርም በቦታም በጊዜም ተስማማ።

በኒውዮርክ የስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ዳኒ ብሉስታይን በሌላ በር ገባ። እሱ የጠየቀው የት ይረጋል የሚለውን ሳይሆን እያንዳንዱ ፕሌትሌት በመንገዱ ላይ ምን ያህል መከራ ያያል የሚለውን ነው። በኮምፒውተር ሺዎችን ለቆ የእያንዳንዳቸውን ጉዞ ይከተላል፤ በየደረሱበት የተፈተጉትን ጉልበት በጊዜ እያባዛ ይደምራል። ከሁሉ የባሰ መከራ የገጠማቸውን ጉዞዎች መርጦ፣ ያንኑ መከራ እውነተኛ ፕሌትሌት ላይ በቤተ ሙከራ መሣሪያ ይፈጽምና መንቃት አለመንቃታቸውን ይለካል። በ2012 ይህን ዘዴ በደቤኪ ፓምፕና በተሻሻለው ተከታዩ በኸርትአሲስት 5 ላይ ሞከሩት። በመዘውሩና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተትና የምላጮቹ ቅርጽ ሲስተካከሉ ፕሌትሌት የሚነቃበት ፍጥነት አሥር እጥፍ ያህል ቀነሰ።

የሚቀረው ችግር የጊዜ ነው። በደቂቃ 9,000 ጊዜ የሚዞር መዘውር በአንድ ቀን 12,960,000 ጊዜ ይዞራል፤ ደም ግን የሚረጋው በሳምንታት ነው። ያንን ሁሉ ዙር አንድ በአንድ ለማስላት የሚበቃ ኮምፒውተር የለም፤ ተመራማሪዎቹ በአማካይና በአቋራጭ ይሠራሉ። እስከዚያው መሐንዲሶቹ ጥጉን ራሱን አጠፉት። ኸርትሜት 3 ኩሽኔታ የለውም፤ መዘውሩ በማግኔት ተንሳፍፎ ይዞራል፣ በዙሪያው ያለው ክፍተትም ሰፋ ያለ ነው። በየ2 ሰኮንዱ ፍጥነቱን ዝቅና ከፍ እያደረገ ጥጎቹን ያጥባል። በ2016 መጨረሻ በወጣው የ6 ወር ውጤት ከኸርትሜት 2 ተጠቃሚዎች 10.1 በመቶው ላይ ደም መርጋት ሲጠረጠር በአዲሱ ፓምፕ ላይ አንድም አልነበረም።

ጎንደር ላይ ተቀምጦ ስለዚህ ሁሉ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኛ ጋ የልብ በሽተኛ የሚይዘው ፓምፕ አይደለም። የሚይዘው፣ ከታደለ፣ የብረት ቫልቭ የሚባለው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ነው። ልጁ ጉሮሮውን ያመዋል፤ ቶንሲል ነው ይባላል። ፔኒሲሊን መስጠት ሲገባ አንዳንድ ቤት እንጥል ይቆረጣል፤ ይህ ጀርሙን አያጠፋውም፣ ልጁንም ለሌላ አደጋ ይዳርገዋል። ጀርሙ ከሄደ በኋላ ሰውነቱ ራሱን መዋጋት ይጀምርና የልቡ ቫልቭ ይጠብባል፣ ይኮማተራል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የምንለው ይህ ነው። በ2015 የአፍሪካ ሕብረት ይህን በሽታ ከአህጉሩ ለማጥፋት የወጣውን የአዲስ አበባ ሰነድ ተቀብሏል። ከዚያ በፊት በ2009 ዶክተር በላይ አበጋዝ ለዓመታት የደከሙበት የኢትዮጵያ የልብ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ግቢ ተከፍቷል። ከጎንደር ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ከ700 ኪሎሜትር በላይ መንገድ ነው።

የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አጠገቡ ብትቀመጡ ደረቱ ውስጥ ቫልቩ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ትሰማላችሁ። በእያንዳንዷ ድምፅ ውስጥ የዚያው የፓምፑ ጥያቄ አለ፦ ሁለቱ ክንፎች የሚታጠፉበት ማጠፊያ ውስጥ ደሙ ይታጠባል ወይስ ይቆማል? ይህ ደግሞ ግምት አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሜድትሮኒክ ፓራለል የተባለ ቫልቭ በአውሮፓ ሲሞከር ደም እየረጋበት ሙከራው እንዲቆም ተደረገ። ጥፋቱ የተገኘው በማጠፊያው ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ በጆርጂያ ቴክ የአጂት ዮጋናታን ቡድን ብርሃን በሚያሳልፍ ናሙና ውስጥ ፍሰቱን ሲመረምር ደሙ እየተሽከረከረ የሚቀርበትን ስፍራ አየ። በ2010 ደግሞ ብሉስታይን ያንኑ የመከራ ድምር ስሌት በሁለት ዓይነት ቫልቮች ላይ አውሎ የማጠፊያቸውን ልዩነት አነጻጽሯል። ይህ ጥናት በጎንደር ለሚኖር ሰው ከፓምፑ ጥናት ይልቅ የቀረበ ነው።

የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። ዋርፋሪን መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ነበር፤ ለሰው መድኃኒትነት የተፈቀደው በ1954 ነው፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በተከፈተበት ዓመት። መጠኑ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ሰው ይደማል። ስለዚህ አይኤንአር የሚባል ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል። ምግብም ይለውጠዋል፤ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። ፍስክ ላይ ብዙም ጎመን የማይበላ ሰው ሁዳዴ ሲገባ በየቀኑ ጎመን ከጀመረ አይኤንአሩ ሊወርድ ይችላል። ጎመን መተው አያስፈልግም፤ መጠኑ ሳይዋዥቅ መብላትና ጾም ሲገባና ሲወጣ ለሐኪሙ መንገር እንጂ።

አሁን ከስሌቱ ሥር ወዳለው ጥያቄ እንምጣ። ኮምፒውተሩ ከመጀመሩ በፊት ደሙ ምን ያህል ወፍራም ነው ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ስሌት አንድ የተለመደ ቁጥር ይሰጠዋል። ይህ ቁጥር ግን በዋናነት በቀይ ሕዋሱ ብዛት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቀይ ሕዋስ ሲበዛ ደም ይወፍራል፣ ፕሌትሌቱንም ወደ ግድግዳው አብዝቶ ይገፋል። ታዲያ የደጋ ሰው ደም ስንት ነው?

ለረጅም ጊዜ መልሱ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነበር። በአንዲስ ተራሮች ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ኦክስጅን ሲያንሳቸው ቀይ ሕዋስ ያበዛሉ፤ የአይማራ ወንዶች ሄሞግሎቢን በአማካይ 19.2 ግራም በዴሲሊትር ተለክቷል። ከፍታ ሲጨምር ደም ይወፍራል የሚለው እንደ ሕግ ተያዘ። በ1960ዎቹ ጄፍሪ ሃሪሰን የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ይህን የከፍታ ጉዳይ ይዘው ስሜን ድረስ መጥተው ነበር፤ 3,000 ሜትር ግድም ያለውን የደባርቅን ሕዝብ በግማሽ ያህሉ ከፍታ ላይ ካለው የአዲ አርቃይ ሕዝብ ጋር እያነጻጸሩ አጥንተዋል። ወሳኙ ልኬት የመጣው ግን ከእነሱ በኋላ ነው።

ይህን ልኬት የወሰደችው ክሊቭላንድ በሚገኘው የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረችው ሲንቲያ ቢል ናት። የአንዲስንና የቲቤትን ሕዝብ ካጠናች በኋላ ከኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ከአምሃ ገብረመድኅንና ከሌሎች ጋር ስሜን ተራሮች ውስጥ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው አምባራስ ገባች። የብረት እጥረትና ሌላ የደም ችግር የሌለባቸውን ነዋሪዎች ለዩ፤ 236 ሰዎች፣ ከ14 እስከ 86 ዓመት። ውጤቱ በ2002 ታተመ። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.3፤ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ። ይህ እንደ ምጽዋ ወይም እንደ ኒውዮርክ ባለ የባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ቁጥር ነው። አንዲሶች ደማቸው ይወፍራል፤ ቲቤታውያን ደማቸው ባይወፍርም የኦክስጅን ሙሌታቸው ይወርዳል፤ የስሜን ሰዎች ሁለቱም አልደረሰባቸውም። ቢል ሦስተኛ መንገድ አለችው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2012 የታተመ ጥናት በባሌ ደጋ የሚኖሩ ኦሮሞዎች በተቀራራቢ ከፍታ ካሉ አማሮች ይልቅ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። በአንድ አገር፣ በተቀራራቢ ከፍታ፣ ሁለት ዓይነት ደም አለ ማለት ነው። ከፍታን ብቻ አይቶ የደምን ውፍረት የሚገምት ሰው ይሳሳታል።

ስህተቱ የወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት በሠራበት ሠንጠረዥ 3,500 ሜትር ላይ ለሚኖር ሰው የደም ማነስ መለያው 2.7 ግራም ይጨመርበት ነበር። ለወንድ 13 የነበረው 15.7 ይሆናል። አማካዩ 15.9 በሆነበት አምባራስ ይህን ሠንጠረዥ የያዘ ሰው ከጤነኞቹ ወንዶች ብዙዎቹን ደም አንሷቸዋል ይላቸው ነበር። በተቃራኒው የአንዲስን ቁጥር ለስሜን ሰው ቫልቭ ስሌት ያስገባ መሐንዲስ ደሙን ከእውነተኛው ይልቅ እጅግ አወፍሮ ያሰላል። ከሄሞግሎቢን ወደ ቀይ ሕዋስ ድርሻ በግምት ሲለወጥ 15.9 ወደ 48 በመቶ፣ 19.2 ወደ 58 በመቶ ይጠጋል፤ በዚህ ክልል ደግሞ ድርሻው ጥቂት ሲጨምር ውፍረቱ በብዙ ይጨምራል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና፣ የምሕንድስናና የሒሳብ ተማሪዎች ይህን የምታነቡ ካላችሁ ሥራው ክፍት ነው። የ2017ቱ ጥናት የተሠራበት ኦፕንፎም የተባለው ሶፍትዌር በነጻ የሚወርድ ነው፤ አንዲት ስንጥቅ ያላትን ቦይ ለማስላት የናሳ ኮምፒውተር አያስፈልግም። የቦዩን ጥልቀትና የስንጥቋን ወርድ ከላይ ጽፌላችኋለሁ፤ ቀሪው ልኬት ከጥናቱ ይገኛል። መጀመሪያ በተለመደው ቁጥር አስሉት፤ ቀጥሎ 15.9ን፣ ከዚያ 19.2ን አስገቡና ልዩነቱን እዩ። ቀጥሎ ደግሞ የሚያስፈልገው ልኬት ነው፦ የደባርቅ፣ የዳባትና የጃናሞራ ሰው ፕሌትሌት ብዛት፣ የደም ውፍረት፣ ዋርፋሪን የሚወስዱት ሰዎች አይኤንአር በጾምና በፍስክ ስንት እንደሚሆን። ይህን ከፈቃደኞች ሰብስቦ በሥርዓት የሚመዘግብ ሰው ከጎንደር የተሻለ ቦታ አያገኝም።